ለማያውቁኝ አንባብያን ስለ ጨዋታዬ

በአገራችን በመንዝና በጊሼ እንግዳ ሰው ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። ይህም ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም ወገን በትውልድ ቈጠራ ይገኝ ስለ ነበረ፥ አያት ቅድመ አያቱን መቍጠር የማይችል ሰው በዳኛ ፊት ተረትቶ መሬቱን ያጣ ነበር። የርስቱ ሥርዓት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ቢቀርም፥ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። በጋብቻ ጊዜማ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጠራል።

እኔ የምኖረው በራቤል ነው። የአባቶቼን ስም አንድ በአንድ ብቈጥርላችሁ እኔን አታውቁኝምና፥ ሥራዬን ከፈጸምሁ በኋላ በምን ደስ እንደሚለኝ ልንገራችሁ። ደስታዬ ዝብርቅርቅ ነው። ባለቤቴም «የአንቱ ጨዋታ እንደ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ የሌለበት ነገር የለም» ትለኛለች።

ሰንጠረዥ እወዳለሁ፤ ይልቁንም የጥንቱን የአገራችንን። ከ200 ዓመት በፊት ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህነን ጨዋታ ሲጫወቱ አይቶ ጽፎአል። የዚህ ሰንጠረዥ መጀመሪያው «ወረራ» ይባላል፤ ከኹለቱ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፥ ኹለቱም እንደ ፈጠኑ ጭፍራቸውን ያሰልፋሉ። አብሮኝ የሚጫወት ሰው ባጣ አንድ ጎረቤቴን አስተማርሁት፤ ነገር ግን በወረራው ጊዜ እጃችን እየተጋጨ ኹልጊዜ በክርክር እንለያያለን።

ዘፈንም እወዳለሁ። የምንጃሩ ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ገና ታትሞ ስለ ወጣ፥ ዛሬ በራቤል ደጋ ላይ ጋቢ ተከናንቤ በእጅ ስልኬ እሰማዋለሁ። ከእርሱ አስከትዬ የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ስከፍት ልጆቼ ይሥቁብኛል። በጓሳ በኩል መንገድ ስሄድም ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣሩን በእጃቸው እየነጩ ሲበሉ ቆሜ ማየት ስለምወድ፥ ስንት ጊዜ ከመኪና ቀርቻለሁ።

ከኹሉ የሚበልጥብኝ ግን ማሲንቆ ነው። ዐሥር አውታር ያለው በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ ስለሚከበር መኳንንቱም ካህናቱም ሲደረድሩት ነውር አልነበረም። አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ያለው ማሲንቆ ግን የአዝማሪ ዕቃ ነው ተብሎ ሲናቅ ኖረ። ስለዚህ አባቴ በሕይወት ሳሉ የምለማመደው በጓዳ ተደብቄ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ግን በግድግዳ ላይ ሰቀልሁት።

ባለፈው ዓመት ሴት ልጃችንን ለማጨት ሽማግሎች እንደሚመጡ ተነገረን። በዋዜማው ባለቤቴ ቀርባ «እባክዎ ይህነን ከግድግዳው ያውርዱልኝ፤ የአዝማሪ ቤት ነው ብለው ከደጅ ይመለሱብኛል» አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ አውርጄ ከጎታው ኋላ ሸሸግሁት። ይህነን ስጽፍ አፍራለሁ።

ሽማግሎቹ ባናቸውን ደርበው መጡ። ሰባት ቤት ተቈጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ነገሩ አለቀ ስንል፥ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰው ዐይናቸውን ከግድግዳው ላይ አልነቀሉም። ግድግዳው ከብዙ ዘመን ጢስ የተነሣ ጠቍሮ ነበርና፥ ማሲንቆው የተሰቀለበት ስፍራ ብቻ አራት ማዕዘን ሆኖ፥ አንገቱም በላዩ ቀጥ ብሎ፥ ነጥቶ ይታያል።

«እዚህ የነበረው ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። እኔም ሄጄ አመጣሁት።

«ይጫወቱታል ወይስ ለጌጥ ነው?»

ከመመለስ ይልቅ በትዝታ ቅኝት ቃኝቼ ጥቂት ተጫወትሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ መልካም አልሆነልኝም። ሽማግሌው እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙና፦ «የአባቶችዎን ስም እስከ ሰባት ሰማሁ፤ አንዱንም አላውቅም ነበር። ይህነን ግን ዐውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ይጫወተው ነበርና ከቤት አስወጣነው፤ እንደ ወጣም ቀረ» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ጥቂት ቆይተው ጠላቸውን አነሡና ስለ ሠርጉ ቀን መነጋገር ጀመርን።

ልጄ በጥር ወር ተዳረች። ማሲንቆውም ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመልሶአል፤ ባለቤቴ ግን የእኔ ዘመዶች የመጡ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ነጠላዋን ትጥልበታለች።