ጽሑፍ፣ ፍለጋና ገቢ፦ የሞክሼ ፊደላት ፈተና



በኢንተርኔት ጽሑፉን አስነብቦ ገቢ ማግኘት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊገኝ ይገባዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 ባስጀመረው አድሴንስ ግለሰብ ጸሐፊም ከማስታወቂያ ገቢ መካፈል ችሏል። ገቢው ግን በጎብኚ ብዛት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ብዙ ጎብኚ የሚመጣውም በፍለጋ ሞተር በኩል ነው።

የፍለጋ ሞተር ገጾችን አስቀድሞ አንብቦ የቃላት ማውጫ ያዘጋጃል፤ የጠያቂውንም ቃል ከማውጫው ጋር ያመሳክራል። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 በስታንፎርድ ያቀረቡት ፔጅራንክ ሌላ መመዘኛ አከለ፦ በሌሎች ገጾች ይበልጥ የተጠቆመ ገጽ ይቀድማል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ችግሩ የሚጀምረው ከማውጫው ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በሁለት ፊደላት (ጸ፣ ፀ)፣ ሁለተኛው በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ይችላል። ለአንባቢ አንድ የሆነው ቃል፣ ልዩ ዝግጅት ለሌለው ኮምፒውተር 12 የተለያዩ ቃላት ይሆናል።

ሞክሼዎቹን መጠቅለል ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን «ሠረቀ» የፀሐይን መውጣት፣ «ሰረቀ» ሌብነትን ያመለክታሉ። ስለዚህ ጥቅለላው በማውጫው ውስጥ ብቻ ይከናወን፤ ጽሑፉ አይነካ እላለሁ።

ጸሐፊውስ? አጻጻፎቹን ሁሉ በገጹ ላይ ቢደረድር የፍለጋ ሞተሮች እንደ ማጭበርበር ይቆጥሩበታል፤ አንባቢም ይሸሸዋል። አንዱን መርጦ ከርእስ እስከ ፍጻሜ ይጽና። ማውጫውን ማቃናት ግን የእርሱ ብቻ ሸክም አይደለም፤ የቋንቋና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን በጋራ ሊሠሩት የሚገባ ነው። ፈላጊው ያላገኘው ጽሑፍ፣ ላልተጻፈ የቀረበ ነውና።