የነጻነት በዓላችንና የደሴ ድርሻ

ባለፈው ሚያዝያ 27 ቀን ቧንቧ ውሃ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን፣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ «ዛሬ ትምህርት የሌለው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። «የአርበኞች የድል በዓል ነዋ!» አልነው። «እሱንማ ሰምቻለሁ፤ ደሴን ግን ምን አገባት?» አለ። ከነበርነው ከአምስታችን አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልተገኘም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ዝምታ ነው።

በመጀመሪያ የበዓሉን ምንነት እንመልከት። ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የነጻነት ቀን የሚሉት የቅኝ ገዢው ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የራሳቸው የተሰቀለበትን ዕለት ነው፤ ለምሳሌ ጋና ይህን ያየችው በ1949 ዓ.ም. ነው። እኛ የምናከብረው ግን ነጻነት የተቀበልንበትን ሳይሆን ነጻነታችንን ያስከበርንበትን ቀን ነው። እነዚህም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል፣ እንዲሁም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበት ዕለት ናቸው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ዋና ከተማችንን የያዘው በዚሁ በሚያዝያ 27 ቀን ስለ ነበር፣ መመለሱ ልክ በአምስተኛው ዓመት ሆነ።

እንግዲህ ወሎ ከዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አላት? የዓድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል የተፈረመው ከደሴ በስተሰሜን በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የውጫሌ ውል የምንለው ይኸው ነው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ አማካይነት ማድረግ እንደምትችል ሲገልጽ፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንድ ግሥ ልዩነት አገር ልትወሰድ ነበር። አፄ ምኒልክ ክተት ባወጁ ጊዜም ጦሩ እንዲሰበሰብ ከታዘዘባቸው ስፍራዎች ዋናው ወረኢሉ ነበር፤ የወሎው ራስ ሚካኤልም ፈረሰኞቻቸውን አስከትለው በአምባላጌና በዓድዋ ተዋግተዋል።

በሁለተኛው ወረራ ደግሞ ደሴ ራሷ የጦር ግንባር ሆነች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማይቱ ሳሉ የጠላት አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴን ያዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞቻችን በኮምቦልቻ ተራሮች ላይ የነበረውን ምሽግ ሰብረው፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ነጻ ወጣች። ይህም ከሚያዝያ 27 በፊት ዘጠኝ ቀን ነው። ከመካከላችን ሚያዝያ 18ን የሚያስታውስ ማን ነው?

በዓል በመንግሥት ዐዋጅ ብቻ ሲኖር እንዴት እንደሚናወጥ ደግሞ ራሱ ሚያዝያ 27 ምስክር ነው። በደርግ ዘመን የድሉ ቀን ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ቀኑ ቢለዋወጥም ምክንያቱን የሚያውቅ ሕዝብ ታሪኩን አይስትም፤ ምክንያቱን የማያውቅ ግን ከበዓሉ የሚቀርለት የዕረፍት ቀን ብቻ ነው። ዕቃውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማይቱ በተያዘች ጊዜ የደሴ ሙዚየም መዘረፉን አንርሳ።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባናል። የአካባቢን ታሪክ መጠበቅ ማለት የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ማጨብጨብ አይደለም። ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ዘመን የወሎ እስላሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገድደዋል፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉትም ተቃውመው ተነሥተዋል። ከዚህ በኋላ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የወሎ ሰው ለጋራ አገሩ ዓድዋ ዘመተ። ቁስሉን ደብቀን ድሉን ብቻ ብንናገር፣ የድሉን ትልቅነት ራሱን እናሳንሰዋለን።

ስለዚህ ከእኛ ከተማሪዎች የሚፈለገው ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ለዕረፍት ወደ የቤታችን ስንሄድ ከአያቶቻችን የሰማነውን፣ የተናጋሪውን ዕድሜና ቀበሌ ጨምረን በደብተር እንጻፍ። የጠላትን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ከዘጠና ዓመት በታች አይሆንምና ጊዜ የለንም። ሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ወጥተን፣ የጻፍነውን አንዳችን ለአንዳችን እናንብብ። ሰልፍና ከበሮ አያስፈልገውም።

ያኔ በሚመጣው ዓመት አንድ አዲስ ተማሪ በቧንቧ ውሃ ሻይ ቤት «ደሴን ምን አገባት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከአምስት አንዱ እንኳ መልስ ይኖረዋል።