ለአገሩ ባዳ፣ ለሰዉ እንግዳ

ውሃው ከተማዋን ከዋጠ በኋላ የኒው ኦርሊንስ ፖሊስ አዛዦች ትእዛዝ የሚሰጡት ከጽሕፈት ቤታቸው አልነበረም። ካናል ጎዳና ላይ ካለ ቁማር ቤት ደጃፍ ነበር። የሬዲዮ መገናኛው ተበጣጥሷል፤ የተያዘ ሰው የሚታሰርበት ቦታ እንኳ ስለታጣ የአውቶቡስና የባቡር ጣቢያው በሽቦ ታጥሮ ወህኒ ቤት ሆነ።

ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የመታው ኦገስት 29 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከተማዋን ይበልጥ የጎዳት ግን የጎርፍ መከላከያዎቹ መደርመስ ነበር፤ 80 በመቶ የሚሆነው ክፍሏ ውሃ ገባበት። ብዙዎቹ ፖሊሶች ራሳቸው ቤት አልባ ሆኑ። ያለፈቃድ ከሥራ ገበታቸው ጠፍተዋል ተብለው ከ200 በላይ የሚሆኑት ምርመራ ተከፈተባቸው። ቤተሰቡን ከጣሪያ ላይ ለማውረድ የሄደውንና በዚያው ላይመለስ የወጣውን በአንድ ዓይን ማየት ይከብዳል።

ክፍተቱን ሊሞሉ ከኒው ዮርክ፣ ከኢሊኖይ፣ ከሚሺጋንና ከካሊፎርኒያ ሳይቀር ፖሊሶች መጡ። ይህ ዓይነቱ እርዳታ የቆየ ሕግ አለው። የአሜሪካ ግዛቶች በአደጋ ጊዜ የሚረዳዱበትን ስምምነት የአገሪቱ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ያጸደቀው በ1996 ነው። በስምምነቱ መሠረት ተረጂው ግዛት ወጪውን ይተካል፤ ረዳቶቹ በሥራ ላይ ላደረሱት ጥፋት የሚጠየቁትም እንደ ተረጂው ግዛት ሠራተኞች ነው። አንድ ነገር ግን ቀድሞ አይሰጣቸውም፦ ሰው የማሰር ሥልጣን። ያንን ተቀባዩ ግዛት በግልጽ ካልፈቀደ መለዮ ለባሹ እንግዳ ከጀልባ ቀዛፊ ብዙም አይለይም። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ቃል ያስገቡት ለወግ አይመስለኝም። ማሰር ማለት ሰውን መመዘን ነው፤ ለአገሩ ባዳ፣ ለሰዉ እንግዳ የሆነ ደግሞ ሚዛኑን ከየት ያመጣዋል?

ሰው ከውሃ ለማውጣት፣ መንገድ ለመዝጋት፣ ባዶ ቤት ለመጠበቅ ሰፈሩን ማወቅ ያን ያህል አያስፈልግም። ችግሩ የመጣው ከዚህ አልፈው ሲታዘዙ ነው። በሴፕቴምበር የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ከጸጥታ ኃይል በቀር ማንም መሣሪያ አይዝም አሉ። ከሌላ ግዛት የመጡትም ጭምር በየቤቱ እየገቡ ሰላማዊ ነዋሪዎችን ትጥቅ አስፈቱ። ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ስልክ የቀረ ሰው ሽጉጡን ለምን ከትራሱ ሥር እንደሚያስቀምጥ የሰፈሩ ፖሊስ ሳይነገረው ያውቀው ነበር። በዚያው ወር የፌዴራል ፍርድ ቤት አስቆመው፤ በ2006 ደግሞ ምክር ቤቱ በአደጋ ጊዜ እንዲህ ያለውን ትጥቅ ማስፈታት በሕግ ከለከለ።

ይሁንና ባዳነትን ብቻ መውቀስ አያዋጣም። ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በአብዛኛው ጥቁር የነበሩትን ተፈናቃዮች ሚሲሲፒ ወንዝ ድልድይ ላይ ወደ ላይ እየተኮሱ የመለሷቸው ከሩቅ የመጡ አልነበሩም፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው የግሬትና ፖሊሶችም ነበሩበት። ከሦስት ቀን በኋላ ዳንዚገር ድልድይ ላይ ባልታጠቁ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለት የገደሉና አራት ያቆሰሉት ደግሞ የከተማዋ የራሷ ልጆች ናቸው። ከእንግዳው ስህተት ይልቅ ይሄኛው ያንገበግባል።

የረድኤቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ብዙም አይወራለትም፤ እኔ ግን የምማርበት እሱን ነው። በጁን 2006 በአንድ ሌሊት አምስት ወጣቶች በጥይት ተገደሉ። ከንቲባ ሬይ ኔጊን እርዳታ ጠየቁ፤ አገረ ገዢዋ ካትሊን ብላንኮም 300 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችና 60 የግዛቱን ፖሊሶች ላኩ። ወታደሮቹ ሰው ወደሚበዛባቸው ሰፈሮች አልገቡም። የተመደቡት ነዋሪው ገና ባልተመለሰባቸው፣ ጎርፍ በበላቸው መንደሮች ነው፤ የሚጠብቁት መስኮትና የመዳብ ቧንቧ ነበር። ሰዉን የሚያውቀው የከተማዋ ፖሊስ ወደ ሰው ሄደ። በእኔ ግምት የእንግዳ ትክክለኛ ቦታ ይህ ነው።

ጊዜያዊ ተብሎ የተጀመረው ይህ ጥበቃ ያበቃው በ2009 መጀመሪያ ላይ ነው።