አዞን በሆዱ

አርባ ምንጭ የአዞ እርባታ የሚሄድ ጎብኚ ካሜራውን የሚደግነው የአዞው አፍ ላይ ነው። የቆዳ ገዢ ዓይን ግን ሆዱ ላይ ነው። የጀርባው ቆዳ ውስጥ አጥንት አለ፤ እንደ ልብ አይታጠፍም፣ መርፌም አያስገባም። የናይል አዞ ሆድ ግን ከሞላ ጎደል አጥንት የለበትም። ቅርፊቶቹ አራት ማዕዘን ሆነው በረድፍ ስለሚሰለፉ ለቦርሳና ለጫማ የሚፈለገው እሱ ነው። በየቅርፊቱ ጫፍ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ አለች። አዞው የውኃውን ንዝረት የሚሰማባት ናት፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው የአዞን ቆዳ ከአሜሪካው አሊጌተር የሚለየውም በእሷ ነው።

የአርባ ምንጩ ጣቢያ በ1970ዎቹ አጋማሽ በአባያ ሐይቅ ዳር የተቋቋመ ነው። ብዙ አገር ያሉ እርባታዎች የራሳቸውን ወላጅ አዞዎች ይዘው ያስፈለፍላሉ፤ እዚህ ግን እንቁላሉና ጫጩቱ የሚሰበሰበው ከዱር፣ በተለይ ከጫሞ ሐይቅ ነው። ከዚያ በኋላ በየዕድሜያቸው ተለይተው በገንዳ ያድጋሉ።

የአዞ ቆዳ በኪሎ አይሸጥም። ገዢው የሆዱን ወርድ በሳንቲም ሜትር ይለካል፣ ከዚያ ደረጃ ያወጣለታል። መሐል ሆዱ ላይ አንዲት ጠባሳ ከተገኘች ቆዳው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፤ በተለመደው ስሌት ሁለተኛ ደረጃ የአንደኛውን ሦስት አራተኛ ያህል፣ ሦስተኛው ግማሽ ያህል ያወጣል። ያው ጠባሳ ጠርዙ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ሲቆረጥ ስለሚወገድ ማንም ባልጠየቀው ነበር። አርቢው ሦስት ዓመት ገደማ የለፋበት ነገር ሁሉ የሚመዘነው ከ30 እስከ 40 ሳንቲም ሜትር ስፋት ባላት በዚያች ሰሌዳ ላይ ነው።

ሰሌዳዋን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ጎረቤት አዞ ነው። አዞ ደረጃውን በጥርስ የሚያስከብር እንስሳ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ከምግብም፣ ፀሐይ ከሚሞቅበት ቦታም ያባርረዋል። ትንሽ የጥርስ ጭረት ከጊዜ ጋር ልትደበዝዝ ትችላለች፤ ጠለቅ ያለ ንክሻ ግን እስከ መጨረሻው ከቆዳው ጋር ይኖራል። ስለዚህ ጎበዝ አርቢ ሥራው መለየት ነው፤ በየጊዜው እየለካ እኩያን ከእኩያ ጋር ያደርጋል፣ ጉልበተኛውን ያወጣል፣ ገንዳውን አያጨናንቅም። ትልቁን የባሕር አዞ የሚያረቡት አውስትራሊያውያን ከዚህም አልፈው፣ ከመታረዱ በፊት ባሉት ወራት እያንዳንዱን አዞ ለብቻው ያኖሩታል። ወጪው ብዙ ነው፤ የዚያ አዞ ቆዳ በገበያው ከሁሉ ውድ ስለሆነ ግን ያዋጣቸዋል።

ድንጋጤም ሌላው ጠላት ነው። ጫጩቶች ሲደነግጡ ወደ አንድ ጥግ ይሮጡና ይደራረባሉ፤ ከታች ያለው ይታፈናል፣ ከላይ ያለው በጥፍሩ የወንድሙን ቆዳ ይቧጭራል። ለዚህ ነው ብዙ እርባታዎች ገንዳው ላይ የሚደበቁበት ጠፍጣፋ እንጨት የሚያደርጉት። ጎብኚ አዞው ሲንቀሳቀስ ማየት ይፈልጋል፤ ለቆዳው የሚበጀው ግን ዝም ብሎ የተኛ አዞ ነው። ጎብኚና ቆዳ በአንድ ግቢ ሲተዳደሩ ይህ ግጭት ሁልጊዜ ይኖራል።

ወለሉም ቀላል ነገር አይደለም። አዞ ሆዱን እየጎተተ ስለሚሄድ ሻካራ ሲሚንቶ ቀስ በቀስ ይፍቀዋል፤ ስለዚህ ልስኑ እንደ መስተዋት መለሰን አለበት። ታዲያ አፈር ለምን አይሆንም? አፈር ለሆዱ ይመቻል፣ ግን በቆዳው ውስጥ ዚግዛግ መንገድ እየቆፈረ የሚሄድ ክር መሳይ ትል አለ፤ እሱ ደግሞ በሲሚንቶ ገንዳ ብዙም አይገኝም። ስለዚህ አርቢዎች ሲሚንቶውን መርጠው ልስኑ ላይ ይጨነቃሉ።

ውኃው ሳይቀየር ከቆየ በሽታ ይከተላል። የአዞ ፈንጣጣ የሚባለው ቫይረስ በተለይ ትንንሾቹን ይይዛል፤ ደርማቶፊለስ የተባለው ባክቴሪያ ወገን ደግሞ በቅርፊቶቹ መካከል ቡናማ ነጥብ እየጣለ ቆዳውን ያበሰብሳል። በአውስትራሊያ ደግሞ ትንኝ የሚያስተላልፈው የዌስት ናይል ቫይረስ ዓይነት አርቢዎችን አስቸግሯል። አዞው ደህና ይበላል፣ ደህና ያድጋል፤ ጉዳቱ ጎልቶ የሚወጣው ቆዳው ፋብሪካ ገብቶ ሲለፋ ነው። የእኛ ቆዳ ፋብሪካዎች ይህን ዓይነቱን ነገር ከበግና ከፍየል ሌጦ ያውቁታል፤ እከክ ያለበት ሌጦ ጠጉሩ ሳይነሳ ደህና መስሎ ይገዛና ጉዱ የሚታየው በኋላ ነው።

ሙቀቱ ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ሲሆን አዞ ይበላል፣ ያድጋል፤ ከ25 በታች ሲወርድ የበላውም በደንብ አይፈጭለትም፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይደክማል። ቶሎ ያደገ አዞ የሚፈለገው ወርድ ላይ ቀድሞ ስለሚደርስ ለጥርስና ለሲሚንቶ የሚጋለጥበት ዘመን ያጥራል። ምግቡ ላይም ጥንቃቄ አለ። ስቡ የሻገተ ዓሣ የቫይታሚን ኢ እጥረት ያመጣል፤ በረዶ ቤት የከረመ ዓሣ ብቻ መመገብም ቫይታሚን ቢ አንድን ያሳጣዋል።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ አልፎ የመጨረሻው ሰዓት ላይ የሚበላሽ ቆዳ ብዙ ነው። ገፋፊው ቢላዋውን ከጀርባው አጥንት ጠርዝ ጠርዙን አስይዞ በሁለቱም ጎን ይሰነጥቃል፤ ሆዱ ሳይነካ አንድ ሆኖ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ የቢላዋ ጫፍ አንዴ ካዳለጠች ቀዳዳው በምንም አይጠገንም። ወዲያው ሥጋና ስቡ ተፍቆ በደቃቅ ጨው ይታሻል። በሞቃት ቀን ፀሐይ ላይ ከቆየ ቅርፊቱ ከሥሩ ይላቀቃል። ጨው የገባውም ሙቀት ያለበት መጋዘን ከተቀመጠ፣ ጨው የሚወዱ ባክቴሪያዎች ቀይ ነጠብጣብ ያበቅሉበታል። ስለዚህ ማከማቻው ቀዝቃዛ ነው የሚሆነው። ሳይትስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ወደ ውጭ የሚላክ እያንዳንዱ ቆዳ ቁጥር ያለው መለያ ይታሰርበታል።

ከዚያ ወዲያ የሚወስነው ቀለም ነው። ነጣ ያለ ቀለም አንዲትም ጭረት አይሸፍንም፤ ኤርሜስ ሂማላያ ብሎ ለሚሸጠው፣ ከነጭ ወደ ግራጫ ለሚሄደው ቦርሳ የሚሆነው እንከን የለሽ የናይል አዞ ቆዳ ብቻ የሆነውም ለዚህ ነው። ንክሻ ያለበት ቆዳ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ይቀባና ቀበቶና የሰዓት ማሰሪያ ይሆናል፤ ቆራጩ ጠባሳውን እየዘለለ ቀጭን ቀጭኑን ያወጣበታል።