«ጥድ ነው» ተብሎ የተሸጠልን የቱ ጥድ ነው?

አገር ቤት ቤት የሚያሠራ ሰው አንድ ቀን ስልኩ ላይ የጣውላ ፎቶ ይደርሰዋል። «ጥድ ነው፣ ንጹሕ ጥድ፤ ዛሬ ካልተገዛ ነገ አይገኝም» ይባላል። ብሩ ይላካል። ከሁለት ክረምት በኋላ በሩ ይጣመማል፣ ወይም ምስጥ ከሥር ይጀምረዋል። አናጢው ዋሽቶ ይሆናል፤ ሳይዋሽም ይሆናል። ምክንያቱም በእኛ ገበያ «ጥድ» የሚባለው አንድ እንጨት ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በእንጨት ንግድ «ለስላሳ እንጨት» ሲባል የግድ የሚለሰልስ እንጨት ማለት አይደለም። የአበባ ዛፍ ያልሆኑት፣ እነ ጥድ፣ ዝግባና ፓይን ያሉበት ወገን ነው። አበባ የሚያወጡት ደግሞ «ጠንካራ» ይባላሉ። ስለዚህ ለሞዴል አውሮፕላን መሥሪያ የሚሆነው፣ በጥፍር የሚጫረው ባልሳ ከ«ጠንካራው» ጎራ ነው። ባሕር ዛፍና ዋንዛም እንደዚያው። አከፋፈሉ የዕፅዋት ሊቃውንት ነው እንጂ የአናጢ አይደለም።

አገራችን በተፈጥሮዋ ያበቀለችው የዚህ ወገን ዛፍ ሁለት ብቻ ነው፤ የሐበሻ ጥድና ዝግባ። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ፓቱላ የሚባለው ፓይን ከሜክሲኮ፣ ራዲያታ ደግሞ ከካሊፎርኒያ የመጡ ናቸው። ቶሎ ስለሚያድጉ ነው የተተከሉት። ዛሬ በጣውላ ተራ «ጥድ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመዘነው የፈረንጁ ነው።

የሐበሻውን ጥድ የሚያሳውቀው ልቡ ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ነጣ ያለ ቀጭን ቀለበት ይሆንና መካከሉ ቀይ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ የሚነካው ይሆናል። በመላጊያ አንድ ጊዜ ላጥ ሲደረግ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ይሄ እንዲሁ ምሳሌ አይደለም፤ ይኸው ዛፍ በምሥራቅ አፍሪካ ለእርሳስ መሥሪያ ሲቆረጥ የኖረ ነው። ምስጥና ብስባሽ የሚፈሩት ልቡን ነው። አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና ለአጥር የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ነጩ የዳር ክፍል ይህ ጉልበት የለውም። ከቀጭን ዛፍ የተሰነጠቀ፣ ግማሹ ነጭ የሆነ ጣውላ «የሐበሻ ጥድ» መባሉ ውሸት ባይሆንም፣ የተከፈለበትን ሥራ ግን አይሠራም። ሌላው ጠባዩ ደግሞ ተሰንጣቂ መሆኑ ነው። ሚስማር ከመመታቱ በፊት በትሬፓን ካልተበሳ ጫፉ ይሰነጠቃል።

የፈረንጅ ጥድ ነጣ ወይም ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ሮዝ ይጠጋል። ሽታ አለው፣ ግን ቀለል ያለ ነው። ያደናግረናል የምንለው ይሄ ሽታ ነው፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያላሸተተ ሰው ሊታለል ይችላል። ክብደቱ ይቀላል። ቅርንጫፉ በጊዜው ካልተመለመለ ጉጥ ይበዛበታል፣ ጉጥ የበዛበት ደግሞ ለወራጅና ለማገር ድካም ነው። መጥፎ እንጨት ነው ማለታችን አይደለም። ለኮርኒስ፣ ለመደርደሪያ፣ ለውስጥ በር ጥሩ ነው። ችግሩ በሐበሻው ዋጋ መሸጡ፣ ከዚያም መሬት ላይ መቆሙ ነው።

ዝግባ ከሁሉም ይለያል። ወጥ የሆነ ፈዛዛ ቢጫ፣ ልቡና ዳሩ የማይለይ፣ ሙጫ የሌለው፣ ሽታ የሌለው። የእድገት ቀለበቱም በዓይን እምብዛም አይታይም። ለዚህ ነው ሲላግ እንደ ቅቤ የሚሄደውና ቀለም የሚያምርበት። ድክመቱ ምስጥ ነው፤ እርጥበት ካገኘውም ይጠቁራል። ለቤት ዕቃ እንጂ ለውጭ በር አይሆንም።

ፓይን ደግሞ በመስመሩ ይታወቃል። ፈዛዛና ጠቆር ያለ መስመር ይፈራረቅበታል፣ ሙጫው እጅ ይይዛል። ሰማያዊ ጥላ ያረፈበት ካያችሁ ሳይደርቅ ተከምሮ የቆየ ነው፤ ፈንገስ ነው፣ ጥንካሬውን ብዙ አይጎዳም ግን መልኩን ያበላሻል። መድኃኒት ካልተቀባ ምስጥ ይወደዋል።

በቀለም ተቀብቶ «ዋንዛ» የሚባል ዝግባም አይጠፋም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጣውላው በአግድም የተቆረጠበትን ጫፍ በስለት አጥርቶ ማየት ነው። ዋንዛ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ለስላሳ የሚባሉት እንጨቶች ግን እነዚህ ቀዳዳዎች በፍጹም የሏቸውም። ቀለም ይህን አይሸፍንም።

እንግዲህ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የተቀባ ወይም አቧራ የለበሰ እንጨት ፎቶ አትቀበሉ። ፊታችሁ ይላግ፣ ጫፉም ይታይ። ሽታ በቪዲዮ አይላክም፤ ስለዚህ ቦታው ላይ የሚያሸትላችሁ ወንድም ወይም አጎት ይኑር፣ ለማወዳደሪያም ትንሽ የሐበሻ ጥድ ፍላጭ በእጁ ይያዝ። ከዚያ ደግሞ ድርቀቱ። እዚህ አሜሪካ ለግንባታ በሚሸጠው እንጨት ላይ «ኤስ ድራይ» የሚል ማኅተም አለ፤ ሲላግ እርጥበቱ ከ19 በመቶ አልበለጠም ማለት ነው። በአገር ቤት ተራ እንዲህ ያለ ማኅተም አትጠብቁ። የእርጥበት መለኪያ ግን ስልክ የምታክል ርካሽ መሣሪያ ናት፣ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች። እሷም ከሌለች አንድ ጣውላ በየሳምንቱ ይመዘን፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በር አይሠራበት። ከዝርያው ይልቅ ብዙ በር የሚያጣምመው ይሄ መቸኮል ይመስለናል።

በነገራችን ላይ በምንኖርበት አገርም ያው የስም ግርግር አለ። «ዳግላስ ፈር» እውነተኛ ፈር አይደለም፣ ግን ከፓይን ነጩ ዓይነት በጣም ይጠነክራል፤ በተለመደው የጥንካሬ መለኪያ አንዱ 660፣ ሌላው 380 ነው። በባሕረ ሰላጤው ያላችሁ ከፓሌት መደርደሪያ የምትሠሩ ደግሞ ማኅተሙን እዩ። «ኤችቲ» በሙቀት የታከመ ነው። «ኤምቢ» ግን በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ለቤት አታስገቡት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ምናልባትም ዋናው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በኋላ በሌሎች ተተክቷል፤ የአሁኑ በ2010 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1065 ነው። የሐበሻ ጥድ እስኪያረጅና ልቡ እስኪሰፋ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ዘሩ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ከወፍ ዋሻ መጣ የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን ዛሬም የሚታየው ስለተጠበቀ ነው። ስለዚህ ሻጩ «እውነተኛ የሐበሻ ጥድ ነው» ካላችሁና በፈተናው ሁሉ እውነቱ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ከየት ተቆረጠ? ወረቀቱስ?» የሚለው ነው። ወረቀት ከሌለው፣ ለኮርኒሱ የፈረንጁ ጥድ ይበቃል፣ ለውጭ በሩም ብረት አለ።