ለበቀቀን እግር ጠማማው ይሻላል

ኮልፌ አጠና ተራ እንጨት የሚሸጠው በቀጥነቱ ነው። ገዢው የአጠናውን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ያነጣጥርበታል፤ ከጎበጠ አይፈልገውም። ለግድግዳና ለጣሪያ ከሆነ ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ምርጫ ወፍ ቤት ሲገባ ነው። በቀቀን የሚያሳድግ ሰው ኬጁ ውስጥ የሚያጋድመው ብዙ ጊዜ ውፍረቱ አንድ ወጥ የሆነ፣ የለሰለሰ ዘንግ ነው፤ ወይ ከኬጁ ጋር የመጣው ፕላስቲክ፣ ወይ የተቆረጠ የመጥረጊያ እጀታ። ለዓይን ያምራል። ለወፏ እግር ግን ከዚህ የባሰ ምርጫ ብዙ የለም።

ዶሮ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ አላት። የበቀቀን እግር ግን ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ ነው፤ ግንድ ለመውጣትና ፍሬ ጨብጦ ወደ አፍ ለማድረስ የተመቸ። የመዳፉ ቆዳ ላባ የለበትም፤ በጥቃቅን ጉብጉብታዎች የተሸፈነ ነው። ድመት ትጋደማለች፣ ውሻ ይዘረጋል፤ በቀቀን ግን ቀንም ሌሊትም፣ ነቅታም ተኝታም እግሯ ላይ ናት። መቆሚያው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሲሆን ክብደቷ ዘወትር የሚያርፈው እነዚያው ነጥቦች ላይ ነው። እዚያ ቦታ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም። ጉብጉብታዎቹ ይጠፋሉ፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ይገባና መዳፉ ያብጣል። ሐኪሞች ፖዶደርማታይተስ ይሉታል። ሳይታከም ከቆየ ጅማትና አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ጤነኛ እግር ምን ላይ እንደሚቆም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አጋፖርኒስ ታራንታ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላት ክንፈ ጥቁር ትንሽ በቀቀን የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥም ያረጁ ዛፎች ባሉባቸው ግቢዎችና አብያተ ክርስቲያናት ትታያለች። አረንጓዴ ናት፤ ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የወንዱ ግንባር ደግሞ ቀይ ነው። ሾላና የጽድ ፍሬ ስትለቅም ለጥቂት ጊዜ ተከታተሏት። ቀጭን ጫፍ ላይ ትንጠለጠላለች፤ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ትራመዳለች፤ ደግሞ የሻከረ ግንድ ላይ በጥፍሯ ትሰቀላለች። የምትጨብጠው ነገር በየደቂቃው ውፍረቱም ዘንበልታውም ይለዋወጣል፤ አንዱ የመዳፏ ክፍል ሲሸከም ሌላው ያርፋል። (ይህችን ወፍ ከዱር አጥምዶ ቤት ማስገባት ሌላ ጉዳይ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፤ ያለ ፈቃድ አይሞከርም። እዚህ የምናወራው በእርባታ ስለተፈለፈሉ ወፎች ነው።)

እንግዲህ ለኬጅ የሚፈለገው ጠማማው፣ አንጓ ያለው፣ እዚህ ወፍሮ እዚያ የቀጠነው ቅርንጫፍ ነው፤ አጠና ሲመለመል የሚጣለው ማለት ነው። ልኩን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም፤ የወፏን ጣቶች ማየት ይበቃል። ስትጨብጥ ጣቶቿ የእንጨቱን ዙሪያ ሁለት ሦስተኛ ወይም ሦስት አራተኛ ያህል ይያዙ። የፊትና የኋላ ጥፍሮቿ ከተነካኩ እንጨቱ ቀጥኗል፤ መዳፏ ተዘርግቶ ከቀረ ወፍሯል። ለትናንሾቹ በቀቀኖች ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር መነሻ ይሆናል። መነሻ ነው ያልኩት፤ ሁሉንም በአንድ ልክ ካደረጋችሁት ወደ መጥረጊያው እጀታ ተመለሳችሁ።

ከዛፎቹ ባሕር ዛፍ፣ ዘይቱንና ሎሚ ይሆናሉ። ቡናም ይሆናል፤ እንዲያውም ውጭ አገር የጃቫ እንጨት እየተባለ ለበቀቀን መቆሚያ በውድ የሚሸጠው ሌላ ሳይሆን የቡና ዛፍ ነው። የቡና አገር ሰዎች ሆነን የፕላስቲክ ዘንግ ከውጭ ማስመጣታችን ትንሽ ያስቃል። አቮካዶን ግን በየግቢው ስላለ ብቻ አትቁረጡት፤ ቅጠሉም ቅርፊቱም ፍሬውም ፐርሲን የሚባል ለወፍ መርዝ የሆነ ንጥረ ነገር አለው። በየመንገዱ ዳር ለውበት የሚተከለው ኦሊያንደርና ወተት የሚያወጣው ቁልቋልም እንደዚያው ክልክል ናቸው። ከምስጥ እንዲከላከል የተቃጠለ ዘይት የተቀባ አጠና፣ ቀለም የነካው ጣውላ፣ ዚንክ የተለበጠ ብረት ኬጅ ውስጥ አይግቡ፤ በቀቀን የቆመችበትን ሁሉ ታኝካለችና። ንጹሑን ቅርንጫፍ በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈግፍጎ ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ ይበቃል።

ጥፍር ይሞርዳል ተብሎ ዘንግ ላይ የሚጠቀለለው ብርጭቆ ወረቀት የሚሞርደው መዳፉን ነው። የቃጫ ገመድ ይመቻታል፤ ነገር ግን ሲተረተር ክሩ ጣቷን አንቆ ሊቆርጠው ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለበት። መቆሚያ ከምግብና ከውኃ ዕቃ በላይ አይሁን፤ ኩሷ እዚያው ይወርዳልና።

ግቢያቸው ውስጥ ዶሮ የሚያረቡ የኮልፌ ሰዎችም ይህን የእግር በሽታ ያውቁታል፤ የዶሮ ቆጥ ግን ሕጉ ይለያል። ዶሮ ስትተኛ ደረቷን በእግሯ ላይ ስለምትጥል 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተሞረደ ጠፍጣፋ እንጨት ይመቻታል። እሷን በብዛት የሚያቆስላት ከከፍተኛ ቆጥ ሲሚንቶ ላይ መዝለሏ ነው፤ ቆጡን ዝቅ አድርጎ ከሥሩ ጭድ ማንጠፍ ይረዳታል።

መቆሚያው ተስተካክሎም እግሯ የማይሻላት በቀቀን አለች። ያኔ ምግቧን እዩ። ሱፍና ኦቾሎኒ ብቻ የምትበላ ወፍ ትወፍራለች፤ ጭነቱ ለመዳፏ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረትም ያገኛታል፤ ያለ እሱ ደግሞ ቆዳ ራሱን በወጉ አያድስም። ካሮት፣ ጎመን፣ ስኳር ድንች፣ ቃሪያ ከኮልፌ ገበያ አይጠፉም፤ አስቸጋሪው የለመደችውን ሱፍ ማስተዋት ነው። ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ይሆናል እንጂ በአንድ ቀን አይሆንም።

መዳፏን ለማየት ወፏን መገልበጥ አያስፈልግም። ንጹሕ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ክዳን ላይ አቁሟትና ከሥር ተመልከቱ። ጉብጉብታዎቹ ካሉ ደህና ናት። ሙልጭ ብሎ የሚያብለጨልጭ ቀይ ቦታ ካለ መቆሚያውን ዛሬውኑ ለውጡ፤ በዚህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጥቁር ቅርፊት ከያዘ ወይም ካበጠ ግን ለማፍረጥ አትሞክሩ። የወፍ መግል እንደ ሰው መግል አይፈስም፤ እንደ ደረቀ አይብ የጠጠረ ስለሆነ ቢጨምቁት ቁስሉን ማስፋት ብቻ ነው። ያ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐኪሞች አብዛኞቹ ከብትና ውሻ የለመዱ ስለሆኑ፣ ወፍ የሚያይ ካጣችሁ በቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ጠይቁ። ስትሄዱ የቆመችበትን እንጨትም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ከእግሯ ቀጥሎ ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።