ኢዕራብ በዐረብኛ ዐረፍተ ነገር ያለው ተግባር

የዐረብኛን ሰዋስው የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ የሚያጋጥመው ኢዕራብ የሚባለው ሥርዐት ነው። ይኸውም ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ በያዘው ስፍራ መጠን መድረሻውን የሚለዋውጥበት ነው። ግሥም ኢዕራብ አለው፤ እኛ ግን እዚህ የምንመለከተው የስምን ብቻ ነው። ጥያቄያችንም፣ ይህ ለውጥ ትርጕምን ይለያል ወይስ ንግግርን ለማሳመር ብቻ የገባ ነው? የሚል ነው።

የስም መድረሻ ሦስት ነው። በእኛ ፊደል ብንገልጸው፣ ባለቤት በካዕብ፣ ተሳቢ በግዕዝ፣ ዘርፍ በሣልስ ይጨርሳል። ‹‹ሰአለ ዘይዱን ዐምረን›› ማለት ‹‹ዘይድ ዐምርን ጠየቀ›› ነው፤ ‹‹ኪታቡ ዘይዲን›› ማለት ደግሞ ‹‹የዘይድ መጽሐፍ›› ነው። በመጨረሻ የሚሰማው ‹‹ን›› ተንዊን ይባላል፤ ከአማርኛው የተሳቢ ምልክት ጋራ መምታታት የለበትም። ስሞቹን አዛውረን ‹‹ሰአለ ዐምረን ዘይዱን›› ብንልም ጠያቂው ያው ዘይድ ነው።

ግዕዝ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ‹‹ንጉሥ›› ተሳቢ ሲሆን ‹‹ንጉሠ›› ይላል፤ ይህም ከዐረብኛው ጋራ ይስማማል። ልዩነቱ በዘርፍ ላይ ነው። ‹‹ቤተ ንጉሥ›› ስንል የሚለወጠው ‹‹ቤት›› ነው፤ በዐረብኛ ግን ባለንብረቱን የሚያመለክተው ስም ራሱ የሣልስ መድረሻ ይይዛል።

በዚህ ጕዳይ የጥንት ሊቃውንት ተከራክረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ821 ዓ.ም. የሞተው የበስራው ቁጥሩብ፣ መድረሻዎቹ ቃልን ከቃል ለማያያዝ እንጂ ትርጕምን ለመለየት አልገቡም ብሎ ነበር። ማስረጃው ቀላል አይደለም። ‹‹ዘይዱን ሳኢሉን›› ማለት ‹‹ዘይድ ጠያቂ ነው›› ነው፤ ‹‹ኢንነ›› የምታጸና ቃል ስትገባበት ‹‹ኢንነ ዘይደን ሳኢሉን›› ይሆናል። መድረሻው ተለወጠ፤ ዘይድ ግን ያው ጠያቂ ነው። ክርክሩን ያቈየልን አል ዘጃጂ ግን የተቃራኒዎቹን መልስ ጽፏል፤ ነገሩ ለአነጋገር ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተናጋሪው ባለቤቱን አንድ ጊዜ በካዕብ፣ ሌላ ጊዜ በሣልስ እንደ ወደደ በጨረሰው ነበር። እንዲህ ያለ ንግግር ግን ስሕተት ነው።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንዳንድ እውነት ይዘዋል። መድረሻው በቀጥታ የሚናገረው አድራጊው ማን እንደ ሆነ ሳይሆን፣ ስሙ በየትኛው ቃል እንደሚገዛ ነው። ‹‹ሱኢለ ዐምሩን››፣ ማለት ‹‹ዐምር ተጠየቀ›› ስንል ዐምር ያው ተጠያቂ ነው፤ ነገር ግን የግሡ ባለቤት ስለ ሆነ ካዕብን ይዟል።

ደግሞም ኢዕራብ ሥራውን ብቻውን አይሠራም። ‹‹ሙሳ›› እና ‹‹ዒሳ›› የመሳሰሉ ስሞች መድረሻቸው አይለወጥም። ስለዚህ ‹‹ሰአለ ሙሳ ዒሳ›› ሲባል ሌላ ምልክት ከሌለ የፊተኛው ባለቤት፣ የኋለኛው ተሳቢ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ቅደም ተከተል ይተካዋል። በየአገሩ የሚነገረው የዛሬው ዐረብኛም እነዚህን መድረሻዎች በአብዛኛው ትቶ በቃላት ቅደም ተከተል ይረዳል።

ነገሩ ለእኛም ቁም ነገር አለው። ፍትሐ ነገሥትን ጨምሮ ብዙ የግዕዝ መጻሕፍት የተተረጐሙት ከዐረብኛ ነው። የዐረብኛ ጽሑፍ ደግሞ አጫጭሮቹን አናባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። እንግዲህ ትርጕሙን ከምንጩ ጋራ ማስተያየት የሚሻ ተማሪ፣ ያልተጻፈውን መድረሻ ከአገባቡ አውጥቶ ማንበብ ይኖርበታል። ኢዕራብን ሳያውቅ ጠያቂውን ከተጠያቂው ለመለየት ይቸገራል።